የእህቴ ባል ሆርሞን

ብቸና የከብት ሐኪም ነኝ። ሞጣ ያለው የእህቴ ባል ጥርሷን ሰበረና «አስታርቁን» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ እኔም ሄድኩ። ያፍራል ስል፣ «አባቶቼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ቁጣዬ ከሆርሞን ነው፤ ሳይንስ ነው» ብሎ ያስተምረን ጀመር! ሽማግሌዎቹም ከንፈራቸውን መጠጡና «ተፈጥሮው ከሆነ ቻይው እንግዲህ» አሏት። የእኔም ደም ፈላ፤ ግን ማንንም አልመታሁም።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «የሚዋጋ ኮርማ ሲያመጡልኝ አኮላሸዋለሁ፤ አደብ ይገዛል። እሱም ብቸና ይምጣና ልሞክረው።»

«ኧረ እህቴ፣ እቆጣጠረዋለሁ!» አለኝ ብድግ ብሎ።

«ትችል ኖሯል እንዴ?» አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ታዲያ ለምን መታሃት?»

እህቴ መልሱን አልጠበቀችም። ጓዟን ሸክፋ ከእኔ ጋር ብቸና ገባች።