በጠይብ ባሩድ ላይ የሰጠሁትን ቃል ስለማንሳት

የምስክሩ ስም፦ ቢራራ ዋሴ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ገበሬ፣ የጎጡ ሰብል ጥበቃ የጠመንጃ ኃላፊ
አድራሻ፦ ደባርቅ ወረዳ፣ ሾላ ውኃ ጎጥ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20
ቦታ፦ ፖሊስ ጣቢያ፣ ደባርቅ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን የሺዋስ ፋንታዬ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ቢራራ ዋሴ ይህንን ቃል የምሰጠው በመጥሪያ ተጠርቼ ሳይሆን የሊማሊሞን ዳገት በገዛ እግሬ ወጥቼ መጥቼ ነው። ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ጠመንጃ ፈንድቶ ክንዴ የሚባለውን አማቼን አቁስሎታል። በዚያው ምሽት እዚሁ ጣቢያ ለፖሊስ በሰጠሁት ቃል ጥፋቱ ባሩድ የሸጠልን የአቶ ጠይብ ሙሰዓብ ነው ብያለሁ። በዚህ ምክንያት ጠይብ እሑድ ጠዋት ዳባት ከሚገኘው ሱቁ ተይዞ እስከ አሁን በዚሁ ጣቢያ ይገኛል። የቅዳሜው ቃሌ ትክክል አይደለም። ሳጅኑ ቃሌን መለወጤ በራሴ ላይ ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል አስቀድሞ አስረድቶኛል። ገብቶኛል፣ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ጠመንጃው ከአያታችን የወረደ፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሲሆን በሚሊሻ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቧል። ባሩዱም እርሳሱም በአፉ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ከኋላ ከብሱን የምትባል ትንሽ የናስ ቆብ ትደፋበታለች፤ መምቻው ሲመታት እሳት ሰጥታ ባሩዱን ትለኩሳለች። የምንጠቀምበት ማሽላችንን ለሚያወድመው ከርከሮ ነው፤ ለዚህም ከወረዳው የተሰጠን ደብዳቤ አለ። ቦታው ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውጭ ነው። ዋልያም ጭላዳም ነክተን አናውቅም። ለሥጋ ነው የሚል ካለም ከርከሮን በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላውም፤ የሞተውን ጅብ ይወስደዋል። ክላሽ እያለ ለምን በዚህ አሮጌ ነገር ታድናላችሁ ተብዬ ተጠይቄ፣ የክላሽ ጥይት ሩቅ ሄዳ ከማሳው ማዶ ያለ ሰው ልታገኝ ስለምትችል ነው በማለት አስረድቻለሁ።

ባሩድና ከብሱን መርጬ የምገዛው እኔ ብቻ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስመርጥ አንዷም ከብሱን ከድታኝ አታውቅም። ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ዳባት ጠይብ ሱቅ ስደርስ ሁለት ጣሳ ባሩድ አወጣልኝ። አንደኛውን ገና ሳልነካው እሱ ራሱ «አያ ቢራራ፣ ይኼኛው ክረምቱን መጋዘን ውስጥ የከረመ ነው፣ ለአደን አልሰጥዎትም» ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ሁለተኛውን በጣቶቼ አሸሁት። ፍሬው ፍሬ ሆኖ ቀረ እንጂ አልደቀቀም፣ እጄም ላይ አልተጣበቀም። ከሱቁ ጀርባ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁንጥር አድርጌ ለኮስኩት። ሳያመነታ ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ድንጋዩ ላይ እርጥብ ጥቀርሻ አልተወም። ከብሱኑን ግን ቤቴ ወስጄ በባዶ ጠመንጃ ካልሞከርኩ አልቀበልም፤ ጠይብም ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ «ካልሆነ ይመልሱልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ከከብሱኑ ጣሳ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር አንዳንድ አንሥቼ መታሁ፣ ሦስቱም ጮኹ። አንዷ ዝም ብትል ኖሮ ሙሉ ጣሳውን እመልሰው ነበር፤ ምክንያቱም የቆሰለ ከርከሮ ፊት ዝም ያለች ከብሱን ሰው ታስበላለች። ወጣቶቹ የክላሽ ጥይት ፈልቅቀን ባሩዱን እንጨምርበት ሲሉኝም ለዚህ ጠመንጃ መርዝ ነው፣ በርሜሉን ይሰነጥቀዋል ብዬ ከልክያለሁ። ማንም አልጨመረም። ስለዚህ ባሩዱ ደኅና፣ ከብሱኑም ደኅና ነበር።

ረቡዕ ኅዳር 3 ቀን ታላቅ ወንድሜ አሻግሬ ዋሴ ዐረፈ። እሱ በዘመኑ የታወቀ አዳኝ ነበር። በእኛ አገር አዳኝ ሲሞት ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ለለቅሶ ይወጣል፤ አስከሬኑ ከቤት ሲነሣም አንድ ጊዜ ይተኮሳል። ይህ ተኩስ እርሳስ የለውም፣ ባሩዱ ግን ከአደኑ ይበዛል፤ የሚወተፈውም ከሟቹ ጋቢ ጫፍ በተቀደደ ጨርቅ ነው። ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። የወንድሜ አስከሬን ሊወጣ ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ጠጋ ብሎ፣ ሌሊቱን ከማዶ ጥይት ተሰምቶ ሕዝቡ ደንግጧልና ዛሬ ባትተኩሱ ብሎ ለመነን። ልመናው ተገቢ ነበር፣ እሺ አልን። ጠመንጃው እንደ ጎረሰ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ እንደ ጎረሰ ቤቴ ተመለሰ።

የጎረሰ ጠመንጃ አፈሙዙ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል። ክር የሌለው ባዶ ነው፤ ከአያታችን ጀምሮ የተያዘ ሕግ ነው። ለቅሶ ላይ ቀይ ነገር ስለማይወጣ ግን ሐሙስ ዕለት ክሩን ሳላስረው ቀረሁ። ከቀብር ስመለስ ወይ ማሰር ወይ ባሩዱን ማውጣት ነበረብኝ። ሁለቱንም ሳላደርግ ሰቅዬው ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። አሻግሬ ከአባቴ ቀጥሎ ያሳደገኝ ሰው ስለነበር አልቅሼም አልወጣልኝም ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ድረስ ጠመንጃውን የነካው የለም።

ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ከቀኑ 11፡30 ገደማ ከርከሮ ማሽላው ውስጥ ገባ ተብሎ ተጠራሁ። ክንዴ የልጄ የእየሩስ ባል ነው፣ ዕድሜው 29 ነው። ዓይኔ ስለደከመ አጉራሹ እኔ፣ ተኳሹ እሱ ነው። አፈሙዙን በእጄ ዳበስኩ፣ ክር የለም። ባሩዱን አገባሁ፣ በቃጫ ወተፍኩ፣ እርሳሱን ጨምሬ ጠቀጠቅኩ። ክንዴ ዘንጉ እንደ ወትሮው ጠልቆ አለመግባቱን አይቶ «አባባ፣ ዘንጉ ዛሬ ወደ ውጭ በዛ እኮ። ባዶ መሆኑን አይተዋል?» አለኝ። እኔም «አንተ ሳትወለድ ጀምሬ ነው ይህን ያጎረስኩት፤ ዝም ብለህ ተኩስ» አልኩት። ይህንን በቅዳሜው ቃሌ ውስጥ አልተናገርኩም። ረስቼው ሳይሆን ደብቄው ነው።

ክንዴ እንደታዘዘው ተኮሰ። በርሜሉ ከግማሽ በታች ተሰንጥቆ ፈነዳ። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች እዚያው ቀሩ፣ ግራ ዓይኑም ተመታ። እጁን በነጠላዬ አሰርኩት፣ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወጡት፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ለሕክምና ተላከ። መንገዱ ላይ ልጄ እየሩስ ደርሳ ምን ሆነ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያን ጊዜ ነው «ጠይብ የማይሆን ባሩድ ቀላቅሎ ሸጦልን ነው» ያልኩት። ጥፋተኛ ስፈልግ ጠይብ ሩቅ ነበር፣ እኔ ደግሞ ልጄ ፊት ቆሜ ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ የጠይብን ሃይማኖት አንሥቶ ክፉ ቃል ሲናገርም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አባቱ ለአባቴ፣ እሱ ለእኔ ሲሸጥ አንድም ቀን አታልሎን የማያውቅ ሰው ነው። በዝምታዬ አፍሬአለሁ፣ ማፈሬም ይጻፍልኝ።

ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ከጠዋቱ 3፡30 ላይ የጠይብ ባለቤት ወይዘሮ ረህማ ከዳባት ተነሥታ ቤቴ መጣች። ሰው ይሰድበኛል ሳትል ብቻዋን ነው የመጣችው። ከዚያው ባሩድ ሱቃቸው የቀረውን በጣሳ ይዛ ነበር። «አያ ቢራራ፣ አንድ ጊዜ ፈትነው ጥሩ ነው ያሉት ነው። ደግመው ይፈትኑትና መጥፎ ከሆነ እኔው ራሴ ጣቢያ ሄጄ መጥፎ ነው እላለሁ» አለችኝ። ከዚህ በኋላ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ደጄ ላይ ባለው ድንጋይ ለኮስኩት። እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ብሎ ነደደ። ባለቤቴ ጤናዬም ቆማ አይታለች።

ባሩዱ ደኅና ከሆነ በርሜሉን ምን አፈነዳው ብዬ የተሰበረውን ጠመንጃ አወጣሁ። ሥሩን በሽቦ ስቆረቁር ጫፉ የተቃጠለ ጨርቅ ወጣ። እኔ ለአደን የምወትፈው ቃጫ እንጂ ጨርቅ አይደለም። ፀሐይ ላይ አድርጌ ሳየው ጥቁር ጥለት ነበረበት፤ የወንድሜ ጋቢ ጥለት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የለቅሶው ባሩድ በርሜሉ ውስጥ እንዳለ በላዩ ላይ የአደኑን ጨምሬ አጉርሼ ነበር። ረህማ ፊቴን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ «እንግዲያው ለእርስዎም አዘንኩ» ብላ ጣሳዋን ይዛ ሄደች። ጨርቁን በወረቀት ጠቅልዬ ዛሬ ለሳጅኑ አስረክቤአለሁ።

የጠይብ ቤተሰብ ገንዘብ ሰጥቶህ ወይም አስፈራርቶህ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ አይደለም ብያለሁ። እንዲያውም የከለከሉኝ የራሴ ጎረቤቶች ናቸው፤ ከነገሩ ጦም እደሩ ነው፣ ጠይብ ባለሱቅ ነው ጠበቃ አያጣም ብለውኛል። ባለቤቴ ጤናዬም፣ ክንዴ ተኝቶ አንተ ከታሰርክ ማሽላውን ማን ያጭደዋል ብላ አልቅሳለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያልኩትን የማነሣው ባልኩበት ቦታ ቀርቤ ነው ብያት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወጣሁ።

ክንዴ ስለ ዘንጉ ያለህን ሰው ሰምቷል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ከእኔና ከእሱ በቀር የሰማ የለም ብያለሁ። እሱም እስከ ዛሬ አልተናገረም። እየሩስ በስልክ እንደነገረችኝ ሰዎች ሲጠይቁት «እኔ አላውቅም፣ አባባ ያውቃሉ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጣቶቹን አሳጥቼው እኔን ይሸፍነኛል። እኔ ዝም ብል ነገሩ ለዘላለም ይቀበር ነበር፤ ግን አልቻልኩም፣ ለመቻልም አልፈልግም።

ስለዚህ ጠይብ ሙሰዓብ በዚህ ጉዳይ ምንም ጥፋት የሌለበት መሆኑ ታውቆ ዛሬውኑ እንዲለቀቅ፣ የሚጠየቅ ካለ እኔ እንድጠየቅ አመለክታለሁ። ሲለቀቅ እዚሁ ሆኜ ሰው ባለበት ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ። ይቅር ማለቱና አለማለቱ የእሱ ፈንታ ነው።

አንድ የቀረኝ አለ። እየሩስ ባሏን እያስታመመች በቀን ሁለት ጊዜ ትደውልልኛለች። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ያን ሰውዬ ፈረዱበት?» ትለኛለች። ትናንት ጨርቁን ካወጣሁ በኋላ ስትጠይቀኝ «ገና ነው» አልኳት። ከታሰርኩ ስልኬ ሳጅኑ ዘንድ ይቀራል። ስትደውል ሌላ ሰው እንዳይነግራት፣ ስልኩ ለእኔ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ባሏን እንዲህ ያደረግኩት እኔ መሆኔን ከእኔ አፍ መስማት አለባት።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ያየሁትና ያደረግኩት ነው። ማንም አላስገደደኝም። የቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ቃሌ በዚህ ተተክቶ እንዲነበብ እጠይቃለሁ፤ ይህኛውም በማናቸውም ፍርድ ቤት ፊት ቀርቤ የምደግመው እውነት መሆኑን ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼ በጣቴ አሻራ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ አሻራ፦ ቢራራ ዋሴ (የቀኝ አውራ ጣት)
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን የሺዋስ ፋንታዬ
ቃሉ ሲነበብ የነበረ፦ ኮንስታብል ዘመነ ሰይፈ ሥላሴ፣ ፊርማ

ማስታወሻ፦ ምስክሩ አሻራውን አኑሮ እጁን እየጠረገ ሳለ ከቀኑ 6፡10 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኋል። ደዋይዋ ልጁ እየሩስ መሆኗ ታይቶ በጠየቀው መሠረት ስልኩ ተሰጥቶታል። እኛም ከክፍሉ ወጥተናል። የ.ፋ.