ስለ ጀብራ እናቶች ድንጋይ የተሰጠ የምስክር ቃል

የቃል ሰጪዋ ስም፦ ዘሊካ እንድሪስ
ዕድሜ፦ 38
ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት፤ የትውልድ ቦታ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ
አድራሻ፦ ካርቱም፣ ጀብራ
ሥራ፦ ካርቱም ሁለት በተባለው ሠፈር በሚገኝ መኖሪያ ቤት ተቀጣሪ የቤት ሠራተኛ
የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ)፦ ጊዜው ያለፈበት
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 5 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1999)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሙላዚም (የመቶ አለቃ) ሙባረክ
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ኢሳ ይማም (ቃሉ በአማርኛ ተጽፎ ለቃል ሰጪዋ ከተነበበ በኋላ ወደ ዐረብኛ የሚመለስ)
ጉዳዩ፦ ማዘንጊያ አያሌው የተባለች ኢትዮጵያዊት፣ ሴቶችን ድንጋይ አስይዛ በወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በር ላይ በማሰለፍና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በማቁሰል የተከሰሰችበት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ተከሳሽዋን ማዘንጊያ አያሌውን ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። በአገሯ ደሴ ላይ መምህርት የነበረች ሲሆን፣ ጀብራ ውስጥ ከሐጅ አብዱልወሃብ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ በልብስ ስፌት ትተዳደራለች። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ እሷ ክርስቲያን ነች፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ቂምም የለንም። በአንድ ጉዳይ ብቻ ክፉኛ ተጨቃጭቀናል፤ ለዚህ ያበቃንም እሱው ነው።

ልጆቻችንን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያላስገባነው ንቀን እንደሆነ በክሱ ላይ ተጽፏል ተብሎ ተነግሮኛል። ሐሰት ነው። ለምዝገባ የወላጅ ኢቃማና የልደት ወረቀት ይጠየቃል፤ ከእኛ ውስጥ ሁለቱንም የያዘ በጣት የሚቆጠር ነው። ደግሞም ልጆቹ ቋንቋችን እየጠፋባቸው ነበር። ልጄ ናስራ ሰባት ዓመት ሲሞላት በአማርኛ ስቆጣት በዐረብኛ ትመልስልኝ ነበር። አንድ ቀን አገሬ ብወስዳት ከዘመዶቿ ጋር በምን አፍ ልታወራ ነው እያልኩ ብዙ አልቅሻለሁ።

መላውን ያገኘችው ማዘንጊያ ነች። እኛ እናቶች አብዛኞቻችን ፊደል አልቆጠርንም። ስለዚህ የሳምንቱን ትምህርት በእጇ እየጻፈች ለየቤቱ ትሰጣለች፤ ልጆቹ እናቶቻቸው ፊት እየጮኹ ያነባሉ፤ እኛ ባይገባንም መጮሃቸውን እንቆጣጠራለን። ዓርብ የእረፍት ቀናችን ስለሆነ ልጆቹን በሐጅ አብዱልወሃብ ግቢ ትሰበስብና ታርማቸዋለች። ትምህርት ቤት ከፍታለች የተባለው ይህ ነው። ጥቁር ሰሌዳ እንኳ የላትም። የምትጽፈው በግቢው የብረት በር ላይ በጠመኔ ነው፤ ሲመሽ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። በዚህ ሁኔታ ናስራ በሦስት ዓመት ውስጥ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ችላለች፤ ከአገር ቤት የሚመጣልኝን ደብዳቤ አሁን የምታነብልኝ እሷ ናት።

ባለፈው ዓመት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ ከአንድ ቤተሰብ በላይ ልጆች የሚማሩበት ማንኛውም ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ኃላፊው የአገሩ ዜጋ እንዲሆን፣ ትምህርቱም በመንግሥት መጽሐፍ ብቻ እንዲሰጥ መታዘዙን ነገሩን። ከዚያ በኋላ ጀብራና አርካዊት ሠፈር ያለን፣ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ወላጆች ተሰብስበን ኮሚቴ መረጥን። ማዘንጊያ ጸሐፊ ሆነች። እኔም ተመረጥኩ፤ ፊደል የማላውቅ ሰው ምን እሠራለሁ ብል፣ ያንቺስ አፍ ይበቃል ተባልኩ። ኮሚቴው ማመልከቻ በዐረብኛ አጽፎ አስገባ። ደጅ ጠናን። ቡክራ፣ ቡክራ፣ ነገ ነገ እየተባልን ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት ወር መጨረሻ መጥተው የማዘንጊያን ክፍል በቀይ ሰም አሸጉት። የስፌት መኪናዋም ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታድረው እኔ ቤት ነበር።

ሐሙስ ኅዳር 1 ቀን ከሥራ ስንመለስ የጀብራ እናቶች እኔ ቤት ተሰበሰብን። ማዘንጊያ አቤቱታው ከወረዳው በላይ ላለው መሥሪያ ቤት ይሂድ፣ በሕግ ይታይልን የሚል ሐሳብ አቀረበች። እኔ ወረቀቱ ስንት ጊዜ ይሂድ፣ ይልቅ በአገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክመን ኃላፊውን ፊት ለፊት እንለምነው አልኩ። መርማሪው ይህ ደንብ ምን እንደሆነ ጠይቆኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። በእኛ አገር ሰው አጥፍቶ ምሕረት ሲፈልግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተለማኙ ወጥቶ አውርድ እስኪለው ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። እንዲህ ተለምኖ የጨከነ ሰው ነውሩ የራሱ ነው። ድንጋዩ ለመወርወር አይደለም፣ አንገት ለመድፋት ነው። በዚህ ደንብ የደም ጠብ ሲበርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የአንድ ክፍል በር ያስከፍታል ብዬ ማሰቤ አሁንም አያሳፍረኝም።

ማዘንጊያ ግን ተቆጣች። «ልጅን ፊደል ማስቆጠር ጥፋት ነው ብለሽ ልታምኚ ነው እንዴ ዘሊካ? ምሕረት የሚለምን ያጠፋ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው መብት ነው» አለችኝ። እኔም «መብት ኢቃማ ላለው ነው እቴ» ብዬ መለስኩላት። እሷ ጨምራ፣ ሱዳኖች ይህን ደንብ አያውቁትም፣ ድንጋይ ሲያዩ የሚታያቸው ጠብ ነው ብላ አስጠነቀቀችን። እኔ ለማኝ በየትም አገር ለማኝ ነው፣ ሲያዩን ይገባቸዋል አልኩ። ሴቶቹ ከእኔ ጋር ሆኑ።

ጀብራ አሸዋና ጡብ እንጂ ድንጋይ የላትም። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉት እትዬ በቀለች በጡብ ይሁንልን ብለው ነበር፤ በጡብ ምሕረት አይለመንም ብዬ ከለከልኩ። ሐጅ አብዱልወሃብ ለቤት መሠረት ያስመጡት ድንጋይ ደጃፋቸው ላይ ተከምሮ ነበር። ጥቂት ልውሰድ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ድንጋዮቹን እየመረጥኩ ለእያንዳንዷ ሴት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 3 ቀን ጠዋት ማዘንጊያ ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚሄደውን አቤቱታ ለማስፈረም አርካዊት ወዳሉት ወላጆች ሄደች። እኛ ይህን ጠብቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ አሥራ አንድ ሆነን ተነሣን። ድንጋዮቹን ጭናችን ላይ አድርገን በሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ቤት ልትሠሩ ነው ወይ ብሎ ቀለደብን፤ እኛም ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ድንጋያችንን በማጅራታችን ተሸክመን፣ አንገታችንን ደፍተን በሰልፍ ቆምን። የእትዬ በቀለችን ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ በእጄ ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ። ዘበኛው ምን ፈልጋችሁ ነው ብሎ በዐረብኛ ጠየቀን። በደንባችን ድንጋይ የተሸከመ አይናገርም፤ ስለዚህ ዝም አልን። ደግሞ ጠየቀን፣ ዝም አልን። ያስፈራው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ዝምታችንም መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዘበኛው «ሒጃራ! ሒጃራ!» እያለ ጮኸ፤ ድንጋይ ይዘዋል ማለቱ ነው። በሩ ተዘጋ። ሌሎች ዘበኞች ዱላ ይዘው መጡ። ከፎቁ መስኮት ሰዎች ያዩን ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ኃላፊው ይሆናል ብዬ አንገቴን ይበልጥ ደፋሁ። የወጣ ሰው የለም።

በዚህ መሐል ማዘንጊያ እየሮጠች ደረሰች። ከአርካዊት ስትመለስ ቤት ያገኘቻት ልጄ ናስራ የሄድንበትን ነግራት ኖሯል። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ሆነና ዱላዎቹን ባየች ጊዜ «ኧረ በናታችሁ አውርዱ!» ብላ ጮኸችብን። እኛ ግን ኃላፊው አላለንምና አላወረድንም። እትዬ በቀለች ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ማዘንጊያ ወደ እሳቸው ሄዳ ድንጋዩን ከማጅራታቸው በሁለት እጇ አነሣች። በዚያው ቅጽበት አንድ ዘበኛ ከኋላዋ መጥቶ ክንዷን ጎተታት። ድንጋዩ ከእጇ አምልጦ በዘበኛው እግር ላይ ወደቀ። እጅ ከፍንጅ ተያዘች የተባለው ይህ ነው። እኔ የቆምኩት ከእትዬ በቀለች ቀጥሎ ስለሆነ በሙሉ አይቻለሁ። አልወረወረችም፣ ለመወርወርም አልሞከረችም። ዘበኛው በመቁሰሉ አዝኛለሁ፤ አላህ ያሽረው።

ከዚያ በኋላ ሌሎቻችንን በዱላ በተኑንና ማዘንጊያን በመኪና ወሰዷት። ያን ቀን አውርዱ ያለን ሰው እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ የተለመነችው ሰው አልነበረችም።

ከበስተጀርባችሁ የትኛው ፓርቲ አለ ተብዬ ተጠይቄ፣ ፓርቲ ያለው ሰው ድንጋይ በአንገቱ አይሸከምም ብዬ መልሻለሁ። በጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ድንጋይ ስለሌለ ከሩቅ ጭናችሁ መምጣታችሁ አስቀድማችሁ ለረብሻ መዘጋጀታችሁን ያሳያል ተብዬ ተጠይቄ፣ መዘጋጀቱን ተዘጋጅተናል፣ ለልመና ነው የተዘጋጀነው ብያለሁ። ድንጋዮቹ በጨርቅ የተጠቀለሉት እንዳይታዩ ነው ወይ ተብዬም ተጠይቄአለሁ። አንገታችንን እንዳይልጡን ነው። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ በማስረጃነት የተቀመጠውን ድንጋይ አሳይቶኝ የእትዬ በቀለች መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ የተጠቀለለበት ቁራጭ ከምከናነበው ከቶቤ የተቀደደ ነው። የቀሩትን ሴቶች ስም እንድናገር ተጠይቄ ለመናገር ፈቃደኛ አይደለሁም። የእትዬ በቀለችን ስም የጠራሁት እሳቸው ራሳቸው ስሜን ጥሪው ስላሉኝ ነው።

መርማሪው ጣቴን ከማኖሬ በፊት፣ ሐሳቡም ድንጋዩም የእኔ ነው ብዬ ካጸናሁ ከምስክርነት ወደ ተከሳሽነት እንደምዛወር፣ ኢቃማዬም ያለፈበት ስለሆነ ወደ አገሬ ልባረር እንደምችል አስጠንቅቆኛል። አሁንም ቢሆን ቃሌን መለወጥ እንደምችል በአስተርጓሚው በኩል ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል። ገብቶኛል። እፈራለሁ፤ አልዋሽም። ካርቱም አሥራ አራት ዓመት ኖሬ ባዶ እጄን ሐይቅ መግባት ሞት ነው። ልጄ ናስራ አሥር ዓመቷ ነው፣ አባቷ በሕይወት የለም፤ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። እኔ ብታሰር ለናስራ ማዘንጊያ አለችላት። ማዘንጊያ ብትባረር ግን እኔ ለናስራም ሆነ ለሌሎቹ ልጆች ምን ላነብላቸው ነው? ስለዚህ ቃሌን አልለውጥም። ማዘንጊያ ስትፈታ ናስራን እሷ ትውሰዳት፤ ከዚህ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። በመንገድ ላይ እንዳታስለቅሳትና ትምህርቷንም እንዳታቋርጥባት ንገሯት።

ይህ ቃል በአማርኛ ተጽፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ አዳምጬዋለሁ። ያልኩት አልጎደለም፣ ያላልኩትም አልተጨመረም። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በሕግ ፊት ልጠየቅበት፣ በአላህም ፊት ልቁምበት። መፈረም ስለማልችል የቀኝ አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ዘሊካ እንድሪስ (የጣት አሻራ)
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ኢሳ ይማም (ፊርማ)
መርማሪ፦ ሙላዚም ሙባረክ (ፊርማ)

የመርማሪው ማስታወሻ፣ ከዐረብኛ የተመለሰ፦ ቃል ሰጪዋ በሰጠችው ቃል መነሻነት ከዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በተጠርጣሪነት ተመዝግባ በጣቢያው እንድትቆይ ታዟል። ማዘንጊያ አያሌው በሐጅ አብዱልወሃብ ዋስትና ተለቃለች። ከቃል ሰጪዋ ጋር የመጣችው ሕፃን እናቷን ከተሰናበተች በኋላ ለተረካቢዋ ተሰጥታለች።

ሕፃን ናስራን የተረከብኩ፦ ማዘንጊያ አያሌው (ፊርማ)