የሲስተር አስካለ ርክክብ

ደሴ፤ ሐምሌ ውስጥ፣ የቀብር ዕለት ጠዋት፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ እናኑና ታናሽ ወንድሟ ደምሰው የእናታቸው መኝታ ቤት ገብተው፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ይጽፋሉ።

ደምሰው፦ ሰርዢው አልኩሽ።

እናኑ፦ አልሰርዝም።

ደምሰው፦ «ሲስተር አስካለ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይላል እኮ። ማን ነው የረዳት? የቱ ሐኪም? እስቲ ስሙን ጥሪልኝ።

እናኑ፦ የሁሉም ሰው ታሪክ እንደዚያ ብሎ ነው የሚያልቀው። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ፣ ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። የእድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን እየጠበቁ በር ላይ ቆመዋል። አሁን አንተ ምን አዲስ ነገር ልታመጣ ነው?

ደምሰው፦ እውነቱን። ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ሆና የከተማውን ሰው ስታስታምም ኖራ፣ እሷን ግን ዞሮ ያያት የለም ብለሽ ጻፊ።

እናኑ፦ ይኼ ዘመድ አዝማድ ፊት ይነበብ?

ደምሰው፦ ይነበብ። እኔም ልሰማው ይገባኛል። በየእሑዱ ከኮምቦልቻ ስመጣ እዚህ አልጋ ላይ ታስቀምጠኝና «እጅጌህን ሰብስብ» ብላ የደም ግፊቴን ትለካለች። ባለፈው እሑድ እንኳ ለክታኛለች። ጨው ቀንስ ብላ ተቆጣችኝ፣ እሺ አልኩ፣ ምሳዬን በልቼ ሄድኩ። ረቡዕ ሞተች።

እናኑ፦ ምን ታውቅ ነበር።

ደምሰው፦ አለማወቄ አይደል የሚያንገበግበኝ። ከስተሻል አልኳት። «ጾሙ ነው» አለችኝ። አመንኳት። ጾም እንኳ አልነበረም እኮ።

እናኑ፦ በል እሱን እንተወውና ሌላውን እንጨርስ። አዳር መሥራቷን ላስገባው?

ደምሰው፦ ምን ብለሽ?

እናኑ፦ «ልጆቻቸውን ቀን ቀን ለመንከባከብ ሲሉ ለአሥራ አንድ ዓመት በአዳር ተረኛነት ሠሩ።» አባባ ከሞተ በኋላ ለምና ነው የተመደበችው። ሌላው ሰው አዳር እንዳይደርሰው ስለት ይሳላል፣ እሷ ሄዳ ትለምናለች።

ደምሰው፦ ታዲያ መቼ ነበር የምትተኛው?

እናኑ፦ እኔም እሱን አላውቅም። አንድ ቀን ጸጉሬን ስትሠራኝ እጇ ቆመ። ዞር ብዬ ሳያት ማበጠሪያውን እንደያዘች ተኝታለች። እንዳልቀሰቅሳት ግማሽ ራሴ እንደተበተነ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስትነቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አትነቃነቂ፣ ልጨርስ ነው።»

ደምሰው፦ ይኼን ጻፊው።

እናኑ፦ አይገባም። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ብለዋል።

ደምሰው፦ እማዬን በአንድ ገጽ። ሰው መርፌውን ይዞ ስንቴ መስኮታችንን አንኳኳ? ከእራቷ ላይ እየተነሳች ስንቱን ወጋች? ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። እኛም ለምደነው «አንቺስ ደህና ነሽ ወይ» አላልናትም። ጡቷ ላይ ያ ሁሉ ቁስል እንዳለ የሰማሁት ትናንት ነው። የገነዟት ሴቶች ለሚስቴ ነግረዋት።

እናኑ፦ ሌላስ ምን ነገሯት?

ደምሰው፦ ምን ይሏታል። ፋሻው ንጹሕ ነበር አሉ። ጥብቅ ተደርጎ ከጀርባዋ ተቋጥሮ።

እናኑ፦ በል፣ ጸሐፊው እየጠበቁ ነው።

ደምሰው፦ ከጀርባዋ ማን ቋጠረላት?

እናኑ፦ ደምሰው።

ደምሰው፦ ማን ነው የቋጠረላት፣ እናኑ?

እናኑ፦ እኔ ነኝ።

ደምሰው፦ ከመቼ ጀምሮ?

እናኑ፦ ከጥምቀት ወዲህ። ልብስ ስትቀይር ሳላንኳኳ ገብቼ አየሁት። ያኔም ረፍዶ ነበር።

ደምሰው፦ ስድስት ወር። በየሳምንቱ እየመጣሁ ስድስት ወር ሙሉ። እኔን አስወጥታችሁ ሁለታችሁ ጨረሳችሁት።

እናኑ፦ ምኑን ጨረስነው? በየቀኑ አጥበዋለሁ፣ በየቀኑ ይሰፋል። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። አስምላኛለች ደግሞ። «እሱ ከሰማ ግፊቱ ይወጣል» አለችኝ። ልነግርህ ስንቴ ደውዬ ስለ ዝናብ አውርቼህ ዘጋሁት።

ደምሰው፦ ሆስፒታል አትወስጃትም ነበር?

እናኑ፦ ወስጃት ነበር እንጂ። ካርድ ክፍል ተሰልፈን ውሃ ልገዛላት ወጣሁ፤ ስመለስ የለችም። ፎቅ ላይ አስተኝተው የሚያክሙበት ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀምጣ፣ አንዲት የማታውቃትን ሴትዮ ታገላብጣለች። ነርሷን «ጀርባዋ ሳይቆስል ቶሎ ቶሎ አዙሪያት እንጂ ልጄ» ትላታለች። የእሷ ስም ታች ተጠርቶ አልፏል።

ደምሰው፦ አንቺ ምን አልሽ?

እናኑ፦ ሳቅሁ። ምን ላድርግ። በማግስቱ እንመለስ ስላት «እንደኔ ያሉትን ስንቶቹን አስታምሜያለሁ፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። አንቺ ይልቅ ፋሻ መጠቅለል ተማሪ» አለች። ስሳሳት ታሾፍብኛለች። «እንደዚህ ከጠቀለልሽው በሽተኛው በር ሳይደርስ ይፈታበታል» ትለኛለች። ከዚያ ወጥቼ ኩሽና ውስጥ አለቅሳለሁ።

ደምሰው፦ መጨረሻ ላይስ? ስለኔ ያለችው የለም?

እናኑ፦ ማክሰኞ ከሰዓት ቀና አድርጊኝ አለችና ርክክብ ጀመረች።

ደምሰው፦ የምን ርክክብ?

እናኑ፦ ነርሶች ሲወጡ ለሚገባው ተረኛ በሽተኞቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ያስረክቡ የለ? እንደዚያ። «ደምሰው፤ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ መድኃኒቱን ይዘላል። እሑድ እሑድ ለኪው። ቢቀየምሽም አትልቀቂው።» ከዚያ ልጆችህን በየስማቸው። ጎረቤታችንን እትዬ ዝናሽን፣ የስኳር መርፌያቸውን። የኔን ባል ጉልበት እንኳ አልረሳችም። ስትጨርስ «ገባሽ?» አለችኝ። ገባኝ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገረች።

ደምሰው፦ ስላንቺስ?

እናኑ፦ ስለኔ ምን?

ደምሰው፦ ስለ እናኑ ምን አለች?

እናኑ፦ ምንም። ተረካቢዋ እኔ አይደለሁ እንዴ? ተረካቢ ከበሽተኞቹ ጋር አይጠራም።

ደምሰው፦ ስድስት ወር ማን ነበር ካንቺ ጋር?

እናኑ፦ ተወው። ጸሐፊው እየተጣሩ ነው። «ሲረዱ ቆይተው» የሚለው ይቅር ካልክ ልሰርዘው። የምከራከርበት አቅም የለኝም አሁን።

ደምሰው፦ አትሰርዢው። «በልጃቸው በእናኑ ሲረዱ ቆይተው» በይና ስጫቸው። ከዚያ ተመልሰሽ እዚህ አልጋ ላይ ቁጭ በይ። ያ የግፊት መለኪያዋ የት ነው?

እናኑ፦ መሳቢያው ውስጥ። ምን ያደርግልሃል?

ደምሰው፦ ይኼ ጨርቅ ምን ያህል ጠብቆ ነው የሚታሰረው?

እናኑ፦ አንተ እኮ አትችልበትም፣ ደምሰው።

ደምሰው፦ አልችልበትም። እጅጌሽን ሰብስቢ።