ነጩ ሰም

(ጎጃም ገጠር፣ የታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ፤ ሚስቱ የሞተችበት ልየው የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ እየወለወለ ለሰርግና ለለቅሶ ተኩስ በሰም እየደፈነ መልሶ የሚሞላበት ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጧል፤ የልጁ የክርስትና አባት ጫኔ በሩ ላይ ቆሟል።)

ልየው፦ ይህን የተሞላውን አልሰጥም አልኩህ እኮ!

ጫኔ፦ አበልጄ፣ ለለቅሶ ነው። ለለቅሶ ተለምኖ እንቢ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ልየው፦ እንቢ አላልኩም። ቀለህ አምጣና ልሙላልህ ነው ያልኩት። ሰው ለለቅሶ ሲያስሞላ የገዛ ቀለሁን ይዞ ነው የሚመጣው። አንተ ባዶ እጅህን መጥተህ የሞላሁትን ሣጥን ታያለህ።

ጫኔ፦ የተሞላ እያለ ለምን ትለፋለህ ብዬ ነው።

ልየው፦ ልፋት አይደለም፤ ጨዋታዬ ነው። ሌላው ሽማግሌ ገበጣ ይጫወታል።

ጫኔ፦ ገበጣ የሚጫወት ሽማግሌ ቅንድቡ አይቃጠልም።

ልየው፦ የኔም ቅንድብ የተቃጠለው አንዴ ነው። እሱም አንተ አጠገቤ ቆመህ ስታወራኝ። የሚሊሻው አዛዥ እንኳ መጥቶ አየና፣ «ሰም ተኩሰህ ማንን ልትገድል ነው?» ብሎ ስቆ ሄደ። ይልቅ ግባና ተቀመጥ፤ ብርሃኑን ጋረድከኝ።

ጫኔ፦ መቆም ይሻለኛል።

ልየው፦ ጠላ ልቅዳልህ?

ጫኔ፦ አይ፣ ይቅርብኝ።

ልየው፦ ጫኔ ጠላ እንቢ አለ! ይህን ለማን ልንገር? እንዳልደውል ስልኬ የለም። ያቺ ልጅህ «ቻርጅ ላድርግልህ» ብላ ትናንት እንደወሰደችው ቀረች።

ጫኔ፦ መብራት የለም። ሲመጣ ታመጣልሃለች።

ልየው፦ ወፍጮው ሲጮህ እየሰማሁት? ያለ መብራት ነው የሚፈጨው?

ጫኔ፦ ወፍጮው… በናፍጣ ነው የሚሠራው።

ልየው፦ ከመቼ ወዲህ?

ጫኔ፦ ወፍጮውን ተወውና ጥይቱን ስጠኝ፣ አበልጄ።

ልየው፦ ምንይችል ይደውል ይሆናል ብዬ ነው። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከሄደ ወዲህ እሑድ እሑድ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ቀረ። ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል።

ጫኔ፦ አዎ፣ ኔትወርክ ነው።

ልየው፦ እንዴት አወቅህ?

ጫኔ፦ አንተ አይደለህ እንዴ አሁን ያልከው?

ልየው፦ እኔ «ይሆናል» ነው ያልኩት።

ጫኔ፦ እኔም ይሆናል ማለቴ ነው።

ልየው፦ መጨረሻ የደወለ ጊዜ ምን አለኝ መሰለህ? «አባዬ፣ እዚህም ሰርግ አለ፤ ቀለህ እየለቀምኩልህ ነው፣ ኪሴ ሞልቷል» አለኝ። የሰሊጥ አጫጅ ኪሱን ቀለህ ሞልቶ ሲዞር ይታይህ! ይስቁበታል አልኩት። «ይሳቁ» አለ። አትስቅም?

ጫኔ፦ ሳቅሁ እኮ።

ልየው፦ አላየሁህም። ለመሆኑ የሞተው ማነው?

ጫኔ፦ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ነው። አታውቀውም።

ልየው፦ ቀለህ ስለቅም ያልረገጥኩት የለቅሶ ሜዳ አለ? ስሙን ንገረኝ።

ጫኔ፦ በሪሁን።

ልየው፦ በሪሁን የሞተው ካቻምና ነው። የሞላሁለትም እኔ ራሴ ነኝ።

ጫኔ፦ በሪሁን አልኩ እንዴ? ወንድሙን ለማለት ነው።

ልየው፦ በሪሁን ወንድም አለው?

ጫኔ፦ ነበረው። ሞተ አልኩህ እኮ!

ልየው፦ እንዲህ እያወራህ ነው ሽምግልና የምትቀመጠው? በል፣ የሞተው ሽማግሌ ነው ወጣት?

ጫኔ፦ ይህን ደግሞ ለምን ፈለግኸው?

ልየው፦ ለሥራዬ ነዋ። ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሰው ድምፁን ለስለስ አደርገዋለሁ። የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ለወጣት ግን ጠንከር ይላል። አገር ሁሉ ይስማ ነው።

ጫኔ፦ ሽማግሌ ነው።

ልየው፦ ለዚህም ማሰብ አስፈለገህ?

ጫኔ፦ ሽማግሌ ነው አልኩህ! ዕድሜ የጠገበ።

ልየው፦ ነፍስ ይማር።

ጫኔ፦ ነፍስ… ይማር።

ልየው፦ ነገር ግን እዚህ ሣጥን ውስጥ ያለው ለለቅሶ አይሆንም። አፉን እየው እስቲ። በአረሩ ፈንታ በጧፍ ሰም ነው የምደፍነው፤ ለደስታ ሰሙን ነጭ እተወዋለሁ፣ ለለቅሶ ጥላሸት እቀባዋለሁ። ይህን ደብሩ ሁሉ ያውቃል። አንተም ታውቃለህ።

ጫኔ፦ ጥላሸቱን እኔው እቀባዋለሁ። ይኸው፣ ገሉ ላይ አለ።

ልየው፦ እጅህን ሰብስብ! ይህ የምንይችል ነው። ለጥር ነው የሞላሁት። ሙሽራዋ ከበቅሎ ስትወርድ ነው የሚተኮሰው።

ጫኔ፦ ጥር ገና ነው፣ ትደርስበታለህ። ሌላ ትሞላለህ።

ልየው፦ ገና? ታኅሣሥ እኮ አለቀ! ይልቅ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። የሙሽራዋ አባት ዛሬ ጠዋት በዚህ አለፈ። «እንዴት አደርክ?» ብለው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ጫኔ፦ አልሰማህ ይሆናል።

ልየው፦ ሰምቷል። ፊቱን አዞረ። ከሰርጉ ሊያፈገፍግ ያሰበ ሰው ነው እንዲያ የሚሆነው። አንተ ትቀርበዋለህ፤ አናግርልኝ። ልጄ በዚያ ሐሩር ሲያጭድ ከርሞ መጥቶ፣ ሰርጉ ቀረ ቢሉት አልወድም።

ጫኔ፦ አናግረዋለሁ።

ልየው፦ ዛሬውኑ።

ጫኔ፦ ዛሬውኑ አናግረዋለሁ።

ልየው፦ ተባረክ። ና እስቲ፣ ይህችን ታውቃታለህ?

ጫኔ፦ ቀለህ ናት።

ልየው፦ ቀለህ ናት ይላል! አንገቷ ላይ ያለውን ጭረት እየው። ምንይችል ክርስትና የተነሣ ለታ አንተ የተኮስካት ናት። ቄሱ ደንግጠው የጠበሉ ገንዳ ውስጥ የተቀመጡ ጊዜ።

ጫኔ፦ ገንዳው ውስጥ አልተቀመጡም። ጠርዙ ላይ ነው።

ልየው፦ ታዲያ ልብሳቸውን ምን አረጠበው? እናቱ እስክትሞት ድረስ ትስቅበት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተተኮሰባትም። በሎሚና በአመድ እየወለወልኩ አኖርኳት፤ ትናንት ሞልቼ ደፈንኳት። የሰርጉን የመጀመሪያ ተኩስ በእሷ የምትተኩሰው አንተ ነህ። እንካ፣ ያዛት።

ጫኔ፦ አልፈልግም።

ልየው፦ አትነክስህም፤ ያዛት።

ጫኔ፦ አልፈልግም አልኩህ፣ ልየው!

ልየው፦ አበልጅ ከሆንን ወዲህ በስሜ ጠርተኸኝ አታውቅም።

ጫኔ፦ ይቅር በለኝ። ደክሞኝ ነው። ማዶ ስመላለስ ውዬ።

ልየው፦ እግርህ ላይ የወንዝ ጭቃ የለም።

ጫኔ፦ ደርቆ ረግፏል። አበልጄ፣ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው። ሣጥኑን ስጠኝና ልሂድ። ጠመንጃዋንም… አብረህ ብታውሰኝ።

ልየው፦ ጠመንጃዋንም?

ጫኔ፦ ለጥቂት ቀን ነው። ጅብ ከጓሮዬ እየገባ አስቸገረኝ።

ልየው፦ ጅብ?

ጫኔ፦ አዎ፣ ጅብ።

ልየው፦ ለለቅሶ አልነበረም እንዴ የመጣኸው?

ጫኔ፦ ለሁለቱም ነው።

ልየው፦ የደምሴ ልጅ የሞተ ጊዜ፣ ከደምሴ ቤት ጠመንጃውን ያወጣው ማን ነበር?

ጫኔ፦ ረሳሁት።

ልየው፦ እኔና አንተ ነን። መርዶው ጎህ ሲቀድ ሊነገረው፣ በሐዘን ራሱን እንዳይጎዳ ብለን በዋዜማው ሄድን። ምን ብለን ነበር የተዋስነው?

ጫኔ፦ አበልጄ…

ልየው፦ ምን ብለን ነበር?

ጫኔ፦ ጅብ።

ልየው፦ ሐሳቡን ያመጣኸውም አንተ ነህ። እኔ አያምንም ብዬህ ነበር። አመነ። ጠላ ቀድቶ አጠጥቶ ሸኘን። ስንመለስ መንገድ ላይ «ያ ጠላ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ» አልከኝ። ለካ ለዚህ ነው ዛሬ ያልጠጣኸው።

ጫኔ፦ እኔ ምንም አልነገርኩህም።

ልየው፦ አልነገርከኝም። እኔም ስለሌላ ሰው አልጠይቅህም። ስለዚያ ስለማዶው ሽማግሌ ግን ልጠይቅህ።

ጫኔ፦ ጠይቀኝ።

ልየው፦ ምን አገኘው?

ጫኔ፦ ወባ።

ልየው፦ ሐኪም አየው?

ጫኔ፦ የአገር ልጆች ተሸክመውት ወጡ። መኪና መንገዱ ጋ ሳይደርሱ ደከመባቸው።

ልየው፦ ሜዳ ላይ ነው?

ጫኔ፦ ከዛፍ ሥር አስተኝተውት ነበር። ፀሐይ አላገኘውም።

ልየው፦ ውሃስ ነበራቸው?

ጫኔ፦ ነበራቸው። ያጠጡት ነበር።

ልየው፦ ደግ አደረጉ። ያ ሽማግሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ ይወድ ነበር። ሌሊት ተነሥቶ ከእንስራው ሲጠጣ እናቱ ትቆጣው ነበር። የት አረፈ?

ጫኔ፦ እዚያው። ሙቀት ነው፣ ሊያመጡት አልቻሉም። የቤተ ክርስቲያን አፈር ነው ግን። ፍትሐት ተደርጎለት ነው የተቀበረው።

ልየው፦ ልብሱስ?

ጫኔ፦ ይዘው እየመጡ ነው። ነገ ለለቅሶው ይደርሳሉ። ኪሱ በቀለህ ተሞልቶ አገኙት አሉ። ለምን እንደለቀመው ያወቀ የለም።

ልየው፦ እኔ አውቃለሁ።

ጫኔ፦ ይብቃን፣ አበልጄ። በማርያም ይብቃን።

ልየው፦ አንድ ቀረኝ። መጨረሻው ላይ ተናገረ?

ጫኔ፦ ይህን አትጠይቀኝ።

ልየው፦ የማዶ ሽማግሌ ነው እኮ። እኔን ምን ይጎዳኛል?

ጫኔ፦ አባቱን ጠራ።

ልየው፦ ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ አባቱን ይጠራል፣ ጫኔ?

ጫኔ፦ አልቻልኩም! እኔን ለምን ላኩኝ? ከጠበሉ ሲወጣ በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኩት…

ልየው፦ እንባህን ጥረግ። እንዲህ ሆነህ ከወጣህ «ነገረው» ብለው ይጣሉሃል።

ጫኔ፦ ይጣሉኝ!

ልየው፦ አይሆንም። እህቴ ከባሕር ዳር ተነሥታለች?

ጫኔ፦ መንገድ ላይ ናት። እኔ ቤት አድራ ከእኛ ጋር ትመጣለች።

ልየው፦ እሷ እስክትመጣ እኔ አልሰማሁም። ወንድሜ ብቻውን አለቀሰ ብላ እንዳትጸጸት። እንደወጉ ጎህ ሲቀድ ኑ። በሩን አታንኳኩ፤ ክፍት አሳድረዋለሁ። አንተ ከኋላ ቁም፤ ፊትህ ውሸት አያውቅበትም።

ጫኔ፦ ጠመንጃዋስ?

ልየው፦ እዚያ ተሰቅላለች። ስትሄድ ይዘሃት ሂድ። እኔ ምንም አላደርግም፤ ሰዎቹ ግን እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ውሰዳት።

ጫኔ፦ ሣጥኑንስ? ለነገ…

ልየው፦ ሣጥኑ ከእኔ ጋር ያመሻል። ነጭ ሰም ለለቅሶ አይተኮስም፤ ጥላሸቱን እኔው እቀባዋለሁ። የሌላ ሰው እጅ እንዲነካውም አልፈልግም።

ጫኔ፦ ድምፁን ለስለስ ታደርገዋለህ?

ልየው፦ አይ። አገር ሁሉ ይስማ። አሁን ግባ፣ አትቁምብኝ።

ጫኔ፦ ገባሁ። ይኸው ተቀመጥኩ።

ልየው፦ የክርስትናዋን ቀለህ እናስቀድም። ነገም የምትተኩሳት አንተው ነህ። ያን ጥላሸት አቀብለኝ።