የአሥራ ስምንት ውሻ ፈቃድ

ውሻ ሲታመምባቸው አጠገቡ ገለባ ላይ የሚተኙ ሰው፣ የውሾችን ጤንነት ሊያይ የመጣን ሐኪም ከበር የሚመልሱት ለምንድን ነው? ንዱታ ይህን እያሰላሰለች በሻይ ማሳዎቹ መካከል ወደ አጎቷ ግቢ ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስም መልስ አላገኘችም።

ጥያቄውን የጫነባት ናይሮቢ አቅራቢያ ባለችው ሊሙሩ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ስትወርድ በአጋጣሚ ያገኘችው ዶክተር ሐላኬ፣ የካውንቲው አስተዳደር የእንስሳት ሐኪም ነው። በአዲሱ ደንብ የሰው ውሻና ድመት በአደራ የሚያሳድር፣ የሚያጥብና ጠጉር የሚያስተካክል ሁሉ ተመርምሮ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሐላኬ የአጎቷን፣ ሰው ለሽማግሌነታቸው በአክብሮት ሙዜ የሚላቸውን የኪሃራን በር ሁለት ጊዜ አንኳኩቶ ሁለቴም ተመልሷል። የጫማውን ቀይ ጭቃ በእንጨት እየፋቀ፣ ዓርብ እንደገና እንደሚመጣ፣ ያኔም ካልተከፈተለት ቤቱ እንዲዘጋ መጻፍ ግዴታው እንደሆነ ነገራት። "ብጽፍ ግን አዝናለሁ፤ እንደ እሳቸው ውሻ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር አላየሁም" አላት።

ንዱታ ስድስት ዓመት በስኮትላንድ ተምራ ከተመለሰች ገና ስምንት ወሯ ነው። አንድ ነገር ይታረም ባለች ቁጥር፣ እውነት መታረም አለበት ወይስ እኔ ሌላ ስለለመድኩ ነው እያለች ራሷን ትጠራጠራለች።

ሙዜ ኪሃራ አንድ ጠጉራም ውሻ በገንዳ ውስጥ እያጠቡ ነበር፤ ሳሙናው እንዳይገባበት አንድ እጃቸውን ዓይኖቹ ላይ ጋርደዋል። የሐላኬን ስም ስታነሳ ፊታቸው ጠቆረ። ሠላሳ ዓመት ውሻ አሳድረው ዛሬ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሊያስተምራቸው እንደማይችል፣ ውሻም ወረቀት አንብቦ እንደማያውቅ ነገሯት።

"አጎቴ፣ ያመጣኝ ሹፌር እንኳ ፈቃድ አለው" አለች።

"አለው እንጂ። አሥራ አራት ሰው በሚይዝ መኪና ሃያ ሰው የሚጭነው እሱ አይደል? ስኮትላንድ ይህን አላስተማሩሽም?"

ሳቀች፤ ልክ ናቸው። ሆኖም ሳታስበው፣ "እርስዎስ በገና ሰሞን ስንት ይጭናሉ?" አለቻቸው።

ሙዜ ኪሃራ ውሻውን በፎጣ ጠቅልለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ነገሯት። በገና ናይሮቢ ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል፤ ውሻው ለሳቸው ይቀራል። ክፍሎቹ አሥራ ስምንት ናቸው። አምና የተቀበሉት አርባ አንድ ነው። የመጨረሻው የጎረቤት ቡችላ ነበር፤ ያስቀምጠዋል፣ የክትባት ደብተርም የለውም።

"ሻንጣው መኪናው ላይ ተጭኗል፣ ልጆቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። በር ላይ ቆሜ እምቢ ልበል? ኪሃራ ኮራ ይሉኛል።"

በሽታው ተዛመተ። በዘጠኝ ቀን አምስት ውሾች ሞቱ። ለአራቱ ባለቤቶች እውነቱን ነገሩ። አምስተኛው ቶፊ ነበር፤ ብቻቸውን የሚኖሩት የጡረተኛዋ መምህርት አፖንዲ ውሻ። ለመምህርቷ ግን እውነቱን ለመናገር አፋቸው አልታዘዝ አለና፣ አጥር ዘሎ ጠፋ አሏቸው። መምህርቷ እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሻይ ማሳው መካከል እየዞሩ ይጠሩታል።

"ሐኪሙ ደግሞ የገባውንና የሞተውን መዝገብ አሳየኝ ይላል" አሉ ሙዜ ኪሃራ።

ንዱታ መልሷን አገኘች፤ አጎቷ የደበቁት ውሾቹን ሳይሆን እፍረታቸውን ነበር።

"አጎቴ፣ ያጠፉት በክፋት አይደለም። እምቢ ማለት አይችሉም። ወረቀቱ እኮ ስለ እርስዎ እምቢ ይልልዎታል። ‹የተፈቀደልኝ አሥራ ስምንት ነው፣ ሞልቷል፤ የክትባት ደብተሩን አሳየኝ› ይላሉ። የከፋው ሰው ካውንቲውን ይማ።"

"ሐላኬ ይታማልኝ ነው የምትይኝ?"

"ሥራው ነው።"

ሙዜ ኪሃራ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ዓርብ በሩ ተከፈተ። ሐላኬ ክፍሎቹን በሜትር ለካ፣ ውሃውን አሸተተ፣ የጠጉር መቁረጫው ቶንዶስ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ሲያልፍ በምን እንደሚጸዳ ጠየቀ፤ ለታመመና ለአዲስ ገቢ የሚሆን የተለየ ክፍል እንዲሠራ አዘዘ። ሙዜ ኪሃራ ሳይጠየቁ ከባሕር ዛፉ ሥር ያሉትን አምስት መቃብሮች አሳዩት። ሐላኬ ጻፈ እንጂ አልገሠጸም። ንዱታ ይህን ሰው እያየች ጥርጣሬዋ ቀለላት፤ ደንቡ የፈረንጅ ወይም የአገር መሆኑ ሳይሆን፣ መናገር ለማይችለው መቆሙ ነው ቁም ነገሩ።

በተከተለው የገና በዓል አሥራ ስምንት ውሾች፣ ሁሉም ከነደብተራቸው ገቡ። አሥራ ዘጠነኛውን ያመጣው ሰው ካውንቲውን እየረገመ ወደ እኅቱ ቤት ወሰደው። አንድም ውሻ አልታመመም። ባለቤቶቹ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አንብበው ተረጋግተው ሄዱ፤ በአካባቢው ውሻ የሚያሳድሩ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ሐላኬን ራሳቸው ጠሩት።

ሙዜ ኪሃራ ግን ለመምህርት አፖንዲ በስልክ መልእክት የጻፉት ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በዚያው ዓርብ ጠዋት፣ ሐኪሙ ሳይደርስ ነው። በአንድ ጣት፣ ንዱታን ስልኩን ሳያስነኩ ጻፉት።

"መምህርት፣ ቶፊ አልጠፋም። በእኔ ጥፋት፣ በእጄ ላይ ሞቷል። ዋሽቼዎታለሁ። በሬ ክፍት ነው፤ መጥተው ይስደቡኝ።"

መልእክቱ እንደ ተነበበ ስልኩ ወዲያው አመለከተ። ከዚያ ወዲህ ግን ከመምህርቷ መልስም፣ ስድብም አልመጣም።