ክፍል ስልክ አያነሳም

እሺ፣ ወንበር ያላችሁ ተቀመጡ፤ የሌላችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። ኬኩን ማንም እንዳይነካ። አለቃችን፣ እርስዎንም ጭምር ነው፤ ጣትዎ ላይ ክሬም ይታየኛል።

ንግግሬ አጭር ነው። ወድጄ ግን አይደለም። ከኬኩ አጠገብ የተከፈተው ላፕቶፕ የእትዬ ነው። ዛሬ ጡረታ ስለሚወጡ፣ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ የኮምፒውተር መግቢያቸው በራሱ ይዘጋል፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት እዚያ ስክሪን ላይ አንድ ስም መቀየር አለበት፤ እስካሁን አልተቀየረም። ከጠዋት ጀምሮ ፎቁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ለዚህ ነው። እኔ ስናገር ሰዓታችሁን ብታዩ አልቀየምም። እኔም አያለሁ።

እትዬ፣ የመጡበት ዕለት ትዝ ይልዎታል? አለቃችን አይረሱትም። ገና ቦርሳዎን ሳያስቀምጡ ፍሪጁን ከፈቱና አንድ ምሳ ዕቃ አውጥተው፣ “ይሄ የማን ነው?” አሉ። “የማንም ካልሆነማ” ብለው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጡት። አለቃችን ከስብሰባ ሲወጡ ዕቃቸውን ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኙት።

“ምሳዬስ?” አሉ።

“ስም ቢጻፍበት ኖሮ ይተርፍ ነበር” አሏቸው፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

አለቃችን ይኸው እስከ ዛሬ ምሳቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። እርስዎም “እትዬ የማነው” ሆነው ቀሩ። ከጀርባዎ ነው የምንልዎት፤ እንደሚያውቁም እናውቃለን። በር ላይ ጃንጥላ ካዩ፣ “የማን ነው?” የተረሳ ብርጭቆ ካዩ፣ “የማን ነው?” አንድ ቀን የእንግዳ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅስ አገኙትና፣ “የዚህ ልጅ ተጠሪ ማነው?” ብለው ሲጮኹ እናትየው ከመጸዳጃ ቤት ሮጣ ወጣች። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ልጇን በእጇ ይዛ ነው የምትገባው።

ለእትዬ ቤተሰብ አንድ ነገር ላስረዳ። ክላውድ ምንድነው ብላችሁ ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ፣ እኛም አድበስብሰን አልፈናችኋል። ሩቅ ቦታ ያለ፣ የተከራየነው ኮምፒውተር ነው። እዚህ ሆነን እናስነሳዋለን፣ እዚህ ሆነን እናጠፋዋለን፤ በዓይን ግን አናየውም። ብዛቱም የትየለሌ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ ታግ እንለጥፋለን፤ መለያ ማለት ነው። የምን ሥራ እንደሆነ፣ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ፣ ችግር ሲመጣ የሚደወልለት ተጠሪ ማን እንደሆነ ይጻፍበታል። ታጋቸው አንድ የሆኑት አንድ ቡድን ይሆናሉ። “የሙከራው ቡድን ይጥፋ” ካልን በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ድርግም ይላሉ። ምቾቱ ይሄ ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው።

አደጋውን ያየነው አንድ አርብ ነው። የሙከራ ኮምፒውተሮች በዝተውብን ጠቅላላ ቡድኑ ይጥፋ ተባለ። ትእዛዙን የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አለቃችን ከኋላዬ ቆመው ብዕራቸውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ። እትዬ ከጎኔ ተቀምጠው ለየተጠሪው ይደውላሉ። “ያንተ ናት? ትጥፋ?” “ትጥፋ።” ወደ ቀጣዩ። “ያንቺ ናት? ትጥፋ?” እንዲህ እንዲህ እያልን አንዷ ቀረች። ተጠሪዋ ረጅሙ ነው። ረጅሙ ማለት በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባው ባልደረባችን ነበር፤ ያን ጊዜ ሥራ ለቆ ሄዷል። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም።

“በቃ አጥፊያት” አሉኝ አለቃችን። “ታጉ ሙከራ ይላል፣ ሰውየው የለም። ምን እንጠብቃለን?”

ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረሰ። እትዬ የእጄን አንጓ ጨመደዱት።

“ድምፅ አልሰማሁም” አሉ።

“እትዬ፣ የታጉን ደንብ እኮ ያወጡት እርስዎ ነዎት!” አሉ አለቃችን።

“ያወጣሁት እኔ ነኝ። የለጠፈው ግን ሌላ ሰው ነው።”

አለቃችን፣ ያን ዕለት ተቆጥተው ነበር። አልፈርድብዎትም፤ ደንበኛ ውጭ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎት ነበር። እኔም በሆዴ “ምናለ ቢለቁኝ” እያልኩ ነበር። እትዬ ግን በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው ስልኩን እንደያዙ ደጋግመው ደወሉ። በመጨረሻ ሚስቱ አነሳችው።

“ገላውን እየታጠበ ነው፤ ማን ልበለው?”

“የማነው በይው! ከነሳሙናው አምጪልኝ!”

መጣ። ውኃው ሲንጠባጠብ በስልክ ይሰማናል። እትዬ የኮምፒውተሯን መለያ ቁጥር አነበቡለት። ቁጥሩን ደግሞ አስነበባቸው። ከዚያ እንዲህ ጮኸ፦ “እትዬ፣ እንዳትነኳት! የጨቅላ ሕፃናቱ ናት!”

ለካ ያቺ ኮምፒውተር የአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትጠቀምባት ነበረች። የአንዱ ሕፃን ትንፋሽ ሲደክም ነርሶቹን የምትጠራው እሷ ነች። ረጅሙ መጀመሪያ የሙከራዋን ሠራ፤ ጥሩ ስትሆንለት እሷኑ ገልብጦ በቅጂው እውነተኛዋን አቆመ። ኮምፒውተር ሲገለበጥ ታጉም አብሮ ይገለበጣል። ሊቀይረው አስቦ ረሳው። ሕፃናቱን እየጠበቀች፣ ግንባሯ ላይ “ሙከራ” እንደተለጠፈባት ኖረች።

የአለቃችን ብዕር ቀጥ አለ። አለቃችን ራሳቸው ግድግዳውን ታከው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አንጓዬ ገና በእትዬ እጅ ነው።

እትዬ አንጓዬን ለቀው፣ “ተጠሪ ያስፈልጋታል” አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው ራሳቸውን ጠየቁ፦ “ትቀበያለሽ?” ራሳቸው መለሱ፦ “እቀበላለሁ።” ስማቸውንም ጻፉ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እንስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የማንም ስም በኢሜይል ተጠሪ ሆኖ አይጻፍም። ፊት ለፊት “ትቀበላለህ?” ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱም በድምፅ ይሰማል። አንገት መነቅነቅ አይበቃም።

እትዬ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ያቺን ቁልፍ ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን አላውቅም። እርስዎ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አባቴ የታመመ ጊዜ፣ “የሥራ ስልክሽን ስጪኝና አባትሽ ጋ ሂጂ” ብለው ስልክ የማንሳት ተራዬን በእርስዎ ላይ ደርበው ያዙልኝ። አባቴን በሰላም የተሰናበትኩት በእርስዎ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሳልናገር ቢሄዱ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። የጨቅላ ሕፃናቱ ኮምፒውተር ተጠሪ፣ ሌሊትም ቢሆን ስልኳን የሚያነሱት፣ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ነዎት። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ጋ ሄደው ጠየቁ። አንደኛው፣ “ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች” አለዎት፤ እውነቱን ነው። ሌላው፣ “እንቅልፌ ከባድ ነው” አለ፤ እሱም እውነቱን ነው፣ ስብሰባ ላይ እናየዋለን። ሦስተኛዋ፣ “ላስብበት” አለች፤ ይኸው እያሰበች ነው። ጠዋት አለቃችን፣ “እትዬ፣ የሥራ ክፍላችንን ስም እንጻፍና እንገላገል” ሲሉ፣ “ክፍል ስልክ አያነሳም” ብለዋቸው ወጡ።

እኔን ግን አልጠየቁኝም።

ከፍቶኛል፣ አልደብቅዎትም። ያቺን አርብ አልረሱልኝም፣ ጣቴን አያምኑትም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጋሼን ሊፍቱ ጋ አበባ ታቅፈው አገኘኋቸው። ጋሼ ማለት እነዚያ አሁን ኮርኒሱን የሚያዩት የእትዬ ባለቤት ናቸው። “ልጄ፣ አንቺን ለምን እንዳልጠየቀችሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ። “‘እሷ እምቢ አትለኝም’ ብላ ነው። በይሉኝታ እሺ ያለ ሰው ስልኩንም በይሉኝታ ነው የሚያነሳው ትላለች።”

ጋሼን ቤት ገብተው እንዳይቆጧቸው፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

እትዬ፣ ይሉኝታ አይደለም። ይሉኝታ ቢሆን ኖሮ ሲጠይቁኝ ጠብቄ እሺ እል ነበር። ፍርሃት ነው ያለኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ግን እርስዎም እንደሚደነግጡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዴም ሳያነሱት ሲቀሩ አላየሁም። አንጓዬን የያዙኝ ቀን ያልገባኝ ነገር አሁን ገብቶኛል፤ ተጠሪ ማለት የማይፈራ ሳይሆን እየፈራም የሚያነሳ ነው።

ሰዓቱ ደርሷል። ይጠይቁኝ።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ፣ ግድግዳውን የተደገፉት አልሰሙም።

እቀበላለሁ።

አለቃችን፣ ላፕቶፑን ወደ እትዬ ያስጠጉልኝ። ክሬሙን መጀመሪያ ይጥረጉት። ዝም በሉ እስቲ፣ ይጻፉ… ተጻፈ? ገባ? ተመስገን።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅስዎት ይንቁ። የልጅ ልጆችዎ በስልክ ያሰልችዎት እንጂ ሌላ ጥሪ አይምጣብዎት። ዛሬ ቤት ሲገቡ ስልክዎን ያጥፉትና ይተኙ። አንድ ቦታ ስልክ የጮኸ መስሎዎት ባንነው፣ “የማን ነው?” ካሉ፣ ጋሼ ይንገሩልኝ፤ የእኔ ነው።

ለእትዬ!