ወንበሬን ማን ነካው?

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ጮክ በይ እስቲ፣ በጀርባዬ ተዘርግቼ ነው የማወራው፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ነው... ማን?... አሃ! ሚጢጢ! የአርባ ሦስት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር!... አይ፣ ይቅርታ፣ ተተኪ ሹፌር። ሹፌሩማ እኔ ነኝ፣ ለጊዜው ወለል ላይ ተኝቼ ነው እንጂ።

— ደህና ነኝ... ወገቤም ደህና ነው... አዎ፣ እዚሁ ወለሉ ላይ ነኝ። ሐኪሙ ደረቅ ነገር ላይ ተኛ ብሎኝ የለ። ይኸው ስድስተኛ ሳምንቴ። የጣሪያውን ስንጥቅ አንድ በአንድ ሸምድጄዋለሁ።

— (ወደ ጎን) ማንም አይደለም! የመሥሪያ ቤት ሰው ናት!... ያቺ አጭሯ፣ አውቶቡሴን የያዘችው!

— ባለቤቴ ናት፣ ልብስ እየተኮሰች ነው። ሰላም ብላሻለች... እሺ፣ ምን ልታዘዝ? በሥራ ሰዓት ነው የደወልሽው። አውቶቡሱን የት ጥለሽው ነው?... ጋራዥ?! ምን ሆነ? ገጨሽው?... ካልገጨሽው ጋራዥ ምን ይሠራል?... እሺ፣ ጠይቂ።

— ስንት ኪሎ ነኝ?!

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? የሰው ኪሎ ለመጠየቅ ነው የደወልሽው?... ቁመቴንም?... ምን ልትሰፊልኝ ነው? አልናገርም... አልናገርም አልኩሽ! መጀመሪያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ወንበሬን ነክተሽዋል አልነካሽም?

— አትንተባተቢ። ትኬት ቆራጯ ነግራኛለች... ትደውልልኛለች አዎ፣ በየሁለት ቀኑ። ወንበሩን ወደ ፊት እንደሳብሽው፣ ከኋላሽ ትራስ እንዳስገባሽ፣ ተሳፋሪው ደግሞ "ይቺ ልጅ ስትነዳ ሆዳችን አይናወጥም" እያለ እንደሚያሞካሽሽ፣ ሁሉንም። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ የምትሳፈረው አስተማሪ አበባ ሰጠችሽ አለችኝ። አበባ! እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳመላልሳት አንድ ቀን "እንደምን አደርክ" ብላኝ አታውቅም። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ ብላ ስትገላምጠኝ ነው የኖረችው!

— ማን ነው የቀናው? እኔ?... እኔ አልቀናሁም!

— (ወደ ጎን) አንቺ ደግሞ እዚያ ሆነሽ አትሳቂ! ይልቅ ሸሚዜን እንዳታቃጥዪው!

— እሺ፣ ቀንቻለሁ! ቀንቻለሁ፣ ምን ይጠበስ! ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ እኔ በወንበሬ ቀናሁ። ከሚስቴ ጋር እንኳ ያን ያህል ሰዓት አብሬ አልተቀመጥኩም... ሰማችኝ መሰለኝ፣ ካውያውን ጓ አደረገችው።

— ስሚ ሚጢጢ፣ አንቺ ስለዚያ ወንበር ምን ታውቂያለሽ? የቀኙ ሞላ ከተሰበረ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ነኝ አባብዬ ያኖርኩት። ከሥር ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ፣ ከወገብ በኩል ደግሞ... ከወገብ በኩልም አንዳንድ ነገር ጠቅጥቄ በላስቲክ አስሬዋለሁ። ፍሪሲዮን ስትረግጪ የግራ ዳሌሽን ትንሽ ከፍ ታደርጊያለሽ። ፍሬን ስትይዢ ወደ በሩ ጋደል ትያለሽ። ጉድጓድ ስታዪ ደግሞ ቀድመሽ ከወንበሩ ብድግ! ትምህርት ቤት የማይሰጥ ሙያ ነው ይሄ!... ሐኪሙማ ምን ይበል፣ "ወገብህን የበላው እሱ ነው" አለኝ። እሱ ምን ቸገረው፣ የሱ ወንበር ጎማ አለው፣ እንደ ልቡ ይሽከረከራል።

— ምን?... ድገሚልኝ... ፈታችሁት?!

— ማን አዘዘ?... አራቱንም ቡሎን?... አሁን የት ነው ያለው?... መሬት ላይ! እኔም መሬት ላይ፣ እሱም መሬት ላይ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፣ እውነት ነው። እኔ እኮ አልሞትኩም! በሁለት ሳምንት ተመልሼ መምጣቴ ነው ብዬ ለሁላችሁም ተናግሬያለሁ! ምን አስቸኮላችሁ?

— አዲስ ምን?... አዲስ ወንበር?... ለአርባ ሦስት ቁጥር?

— ምን ዓይነት ነው?... በአየር የሚሠራ... ከፍ ዝቅ የሚል... እሺ... የወገብ ድጋፍ አለው... ከራሱ ጋር የተሠራ?... በቁልፍ የሚገፋና የሚመለስ?... ክንድ ማሳረፊያም?... በይ ይበቃል፣ ይበቃል፣ አትቁጠሪልኝ።

— (ወደ ጎን) ውሃ ስጪኝ እስቲ!

— በስድስት ሳምንት! እኔ አስራ አንድ ዓመት የለመንኩትን አንቺ በስድስት ሳምንት! በየዓመቱ ማመልከቻ አስገባለሁ። አንዱን ዓመት "በጀት ሲፈቀድ"፣ አንዱን ዓመት "ይታሰብበታል"፣ አንዱን ዓመት ደግሞ የቀድሞው ኃላፊ ተቀየረና "እንደገና ጻፍ"። ይሄኛው ኃላፊ ሲያገኘኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይ ምሰሶው! አንተ ደግሞ ምን ትሆናለህ!" ይለኛል። ስም አወጡልኝ፣ ምሰሶ። ምሰሶ ደግሞ ወገቡን አያመውም፣ ቀጥ ብሎ መሸከም ነው!... እሺ አንቺ ምን ብለሻቸው ነው? ዘመድ አለሽ? ፈገግ አልሽላቸው?... ሄሎ?... ሄሎ፣ ሚጢጢ?

— ይቅርታ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አፌ ነው። ሰው ተኝቶ ሲውል ምላሱ ብቻ ነው የሚሠራለት... በሞቴ፣ እንዳትዘጊው። እሺ፣ አሁን ዝም ብዬ እሰማለሁ። ንገሪኝ።

— የምን ወረቀት?... ከየት?... ከወንበሩ ውስጥ...

— አዎ... አዎ፣ የኔ ናቸው።

— ግልባጮቹ ናቸዋ። ዋናውን አስገባለሁ፣ ግልባጩ ላይ "ገቢ ሆኗል" የሚል ማኅተም መትተው፣ ኃላፊው ፈርሞበት ይሰጡኛል። እኔስ ምን ላድርገው? ቤት ይዤው ብመጣ ባለቤቴ አንብባ ልትጨነቅ ነው። የወንበሩ ጎድጓዳ ደግሞ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ። እጥፍ አድርጌ እዚያ ከተትኩት። በዓመቱ ሌላ ጨመርኩበት። እንደዚያ እንደዚያ እያለ... አስራ አንድ፣ አዎ። ቆጥረሻቸዋል ማለት ነው... መጀመሪያማ ለስላሳ ነበር። ኋላ ላብ እየጠጣ፣ እየደረቀ፣ ጣውላ ሆነ። ሐኪሙም እኮ እዚሁ ጋ በጣቱ ተጫነኝና "እዚህ ቦታ ላይ ሲገፋህ የኖረው ምንድን ነው?" አለኝ። ማመልከቻዬ ነው ልበለው? አፍሬ ሸሚዜን ቶሎ ለበስኩ።

— እና ወስደሽ ምን አደረግሽው?... ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ?... ሁሉንም ዘረጋሽው? በየዓመተ ምሕረቱ?... ስብሰባ ላይ እያሉ?! አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?... እሱስ ምን አደረገ?... አንዱን አንስቶ አየው... የራሱ ፊርማ ያለበትን... እና አንቺ ምን አልሽው?... "ኑ፣ ይቀመጡበትና ይዩት"?!

— (ወደ ጎን) ነይ፣ ነይ ስሚ! ኃላፊውን ከነክራቫቱ አውቶቡስ ላይ አውጥታ ወንበሬ ላይ አስቀምጣዋለች!

— እሺ፣ ተቀመጠ... ሞተሩን አስነሳሽለትና... መሪውን ራሱ ይዞ እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲዞር አደረግሽው!... ስንት ዙር?... ሦስት! በሦስተኛው ጨረሰ?... "በቃ፣ በቃ፣ አውርዱኝ" አለ! ወይኔ ወገቤ... አታስቂኝ፣ ስስቅ ይይዘኛል... ተደግፎ ነው የወረደው? ማንን?... ትኬት ቆራጯን! አየሻት እንግዲህ፣ ይሄንን ግን አልነገረችኝም! አበባውን ነግራኝ ይሄንን! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ።

— ጎሽ። ጎሽ፣ የኔ ልጅ... አልተናደድኩም... እሺ፣ ተናድጃለሁ። ባንቺ ግን አይደለም። አስራ አንድ ዓመት እኔ ይሄ እንዴት አልታየኝም? አንገቴን ደፍቼ አስገባለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ፣ ከዚያ የተመለሰልኝን ወረቀት ተደግፌ ስነዳ እውላለሁ። አሁንም የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። አንቺ በወረቀቴ ያደረግሽውን እኔ አላደረግኩትም።

— እና ኪሎዬ ለምን ፈለግሽው ታዲያ?... እሺ... ቴክኒሻኑ አጠገብሽ ነው... በሹፌሩ ክብደትና ቁመት ልክ ነው የሚያስተካክለው... ገባኝ። ታዲያ የምትነጂው አንቺ አይደለሽ? የራስሽን አትነግሪውም?

— "የጋሼ ወንበር ነው"...

— "ሲመለሱ ተስተካክሎ ይጠብቃቸው ብዬ"...

— አንቺስ?... ወደ ሃያ ስምንት ቁጥር ትመለሻለሽ። የሱ ወንበር እንዴት ነው?... እንደኔው?... ሞላውስ?... ኧረ? በሁለቱም በኩል?... ወገብሽን ጀምሮሻል?... ከመቼ ጀምሮ?

— አለሁ፣ አለሁ። አልተቋረጠም... አንዴ ቆዪኝ፣ እንዳትዘጊው።

— (ወደ ጎን) ካውያውን ንቀዪና ነይ... ነይ ስልሽ። እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። እሷም እዚያ ሆና ትስማ፣ አንቺም ስሚ፣ እኔ ሁለት ጊዜ መናገር አልችልም።

— ሄሎ፣ ሚጢጢ፣ ትሰሚኛለሽ? ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። "በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ" ያልኳችሁ... ሐኪሙ እንደዚያ አላለኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ ያለኝ፣ መሪ መያዝ አብቅቷል ነው... አብቅቷል። ጨርሶ... ጠይቄዋለሁ፣ ጥሩ ወንበር ቢሰጡኝስ ብዬዋለሁ። "ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ቢሆን" አለኝ። እንዲሁ በአፉ መጣለት መሰለኝ፣ ማመልከቻውን አያውቅም።

— (ወደ ጎን) አውቃለሁ... አውቃለሁ፣ ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ ነበር... እጄን አትልቀቂኝ እሺ።

— አንቺ ደግሞ አታልቅሺ፣ ጋራዥ መሃል ቆመሽ ሰው ምን ይላል? ይልቅ ንገሪኝ። ስንት ኪሎ ነሽ?... አያሳፍርም፣ አንቺም ጠይቀሽኝ የለም እንዴ!... ሃምሳ አራት? ከነጫማሽ?... ቁመትስ?... ያን ያህል ብቻ! ሚጢጢ ያሉሽ ለካ ወደው አይደለም። በይ፣ ለቴክኒሻኑ እሱን ንገሪው... አትከራከሪኝ! እኔ በቁሜ ለሰው የሰጠሁት ነገር ብዙ አይደለም፣ ይቺን ልስጥበት።

— እና ስሚ፣ እዚያው እያለ አስሞክሪው። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ጉልበትሽ እጥፍ እንዳለ መቅረት አለበት። ከተዘረጋ ወንበሩ ራቀ ማለት ነው። የወገብ ድጋፉ ከቀበቶሽ ትንሽ ከፍ ይበል። ከዚያ በኋላ ምንም እንዳትጨምሪበት! ትራስም፣ ጣውላም፣ ወረቀትም። ከጎረበጠሽ በዚያው ቀን ተናገሪ። ካልሰሙሽ ደግሞ ኃላፊውን ግቢ ውስጥ አዙሪው፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ... የሃያ ስምንት ቁጥሩንም ወንበር ተከታተዪ፣ ለሚቀጥለው ሰው።

— አሮጌውን? ይጣሉት... አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ... ይጣሉት አልኩሽ፣ አሁን አታስጨንቂኝ።

— ለአስተማሪዋ ሰላም በያት። አይ፣ ተዪው። አበባ የሰጠችው ላንቺ ነው።

— ሚጢጢ... አንድ ነገር ልለምንሽ? ትንሽ ተሽሎኝ ስነሳ፣ ባለቤቴ ትደግፈኝና አንድ ቀን ግቢው ድረስ ብቅ እላለሁ። ያኔ አንድ አምስት ደቂቃ ልቀመጥበት... ሞተሩ ጠፍቶ፣ እንደቆመ። ያንቺን ልክ አላበላሽብሽም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የምቀመጠው፣ ምንም አልነካም።

— እሺ... እሺ፣ የኔ ልጅ። በይ ዝጊው፣ ቴክኒሻኑን አስቆምሽው።